እስኪችሉ ድረስ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰብሪና፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ልጆችሽም ደህና ናቸው። ደብዳቤሽን ቶፊቅ ሚኒባሱን አቁሞ፣ ገና ተሳፋሪው ሳይወርድ አቀበለኝ። የላክሽው ስኳርም ደርሷል፤ አላህ ይስጥሽ።

«ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስመኘሽ» ላልሽኝ፣ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ቢመጣም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እኔ ሳወራ አራት ጆሮ ይቆማል። ድምፅሽን በሰማበት ማታ ደግሞ በድሩ እራት አይበላም። እነሱን በስልክ ሰላም በያቸው፤ የእኔና የአንቺ ነገር በወረቀት ይሁን።

ጠዋቱን ጠይቀሽኛል። ጠዋቱማ ግብግብ ነው። ፈይሩዝን ስጠራት «እሺ» ትላለች፤ እሺዋን ብላ ተመልሳ ትተኛለች። አሥር ዓመት የሞላት፣ አራተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ጸጉሯን የማበጥረው፣ ሒጃቧን የማስረው እኔ ነኝ። በድሩን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሱሪውን አጠልቅለታለሁ፣ ፊቱን አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ጫማውን አስርለታለሁ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ አፉን ከመክፈት በቀር ሥራ የለውም። ከዚያ የሁለቱንም ቦርሳ እኔው ተሸክሜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደርሳቸዋለሁ። ገበያ ስደርስ የጨፋ ገበሬ ያመጣው ጥሩ ጥሩው ቲማቲም በሌላ ነጋዴ ተነስቷል፤ እኔን የሚጠብቀኝ የፈረጠው ነው።

«ለምን ራሳቸው አያደርጉትም» ብለሻል። ሰብሪ፣ ወንድሜ ዓብዱ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንቺም እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከገባሽ ሁለተኛ ዓመትሽን ያዝሽ። ልጆቹ የቲም ናቸው፣ አባት የሌላቸው፤ የተቀበልኳቸውም አማና፣ የአላህ አደራ ብዬ ነው። የቲም ልጅ ቦርሳውን ተሸክሞ ብቻውን ሲሄድ ያየ የከሚሴ ሰው «አክስትየዋ ታሠራቸዋለች» ሳይል አይውልም። ጎረቤቴ ፋጡሜ ደግሞ የሰማችውን ብቻ ሳይሆን ያልሰማችውንም ታወራለች። ስለዚህ ተዪኝ፣ ልድከም።

ወሰላሙ ዓለይኩም፣
ዙቤይዳ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም ዙቤይዳ፣

ወዓለይኩሙሰላም። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ማሽላው እንዴት ነው፣ ወፍ አልጨረሰውም? ፋጡሜስ ደህና ናት? ስሟን ያነሳሁት ደብዳቤውን አጮልቃ እንደምታየው ስለማውቅ ነው፤ ሰላም በያት።

በኋላ በላክሽው ደብዳቤ «ምን አጎደልኩባቸው?» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። አላጎደልሽም፣ ወላሂ ምንም አላጎደልሽም። ያበዛሽው ነው። አፉ በይኝ፣ ይህን ከሩቅ ሆኖ ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

የእኔን ኑሮ ጠይቀሽኛል። የተከራየኋት ክፍል ለአልጋና ለአንድ ፍራሽ ትበቃለች። ሥራዬ ያው የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ነው። የበሽተኛ ቁርስ በጠዋት ስለሚደርስ ከሱብሂ አዛን ጋር ከቤት እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ግን እነሱም በጠዋት ወጪ ናቸው፣ የሰው ልጅ የሚያለብሱበት ጊዜ የላቸውም።

ይህን ሁሉ የዞርኩት አንድ ነገር ለማለት ፈርቼ ነው። ልጆቼን ወደ እኔ ላመጣቸው እፈልጋለሁ፤ ኢንሻአላህ በመጪው መስከረም። የሚሆነው ግን ራሳቸው ተነስተው፣ ለብሰው፣ በልተው፣ በር ቆልፈው ትምህርት ቤት መሄድ ከቻሉ ብቻ ነው። ካልቻሉ ሌላ ዓመት ይቆያሉ፤ ከዚያም ምናልባት ሌላ ዓመት። ባለፈው በድሩ በስልክ «እማ» ማለቱን ትቶ «ሰብሪና» አለኝ። ሳቅሁለት። ስልኩን ስዘጋ ግን እዚያው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እታለም፣ ሌላ ዓመት ከቆየሁ ለእሱ እንግዳ ነኝ።

ሁሉንም ባንዴ አይደለም። አንድ ሰሞን አዝራር፣ ሌላ ሰሞን ጫማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አክባሪሽ ሰብሪና


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሪና፣

ሰላም ነሽ? እኛ ሰላም ነን።

ተቆጥተሽ ነው ወይ የዘገየሽው ብለሻል። አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን ትራሴ ስር አድርጌ ከረምኩ፣ ያ ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እኔ ረስቼው ነበር።

የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄድኩ። «የቲምን እንዲህ አድርግ፣ ያን ተሸከም ማለት አላህ ዘንድ ወንጀል አይሆንብኝም ወይ?» አልኳቸው። ብዙ አላሰቡም። «አማናው እስኪችሉ ድረስ ነው። ትፈትኛቸዋለሽ፤ የቻሉ ቀን ትመልሻለሽ። እንዳይችሉ አድርጎ የሚጠብቅ ነው ወንጀሉ ያለበት» አሉኝ። እኔ እኮ የሄድኩት እንዲከለክሉኝ ነበር።

እናም ጀመርን። ልብሳቸውን ማታ አጥፈው እራስጌያቸው ያስቀምጣሉ። ጠዋት አንዴ እጠራለሁ፣ ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፈይሩዝ ሒጃቧን አንድ ጆሮዋ ውጭ ቀርቶ አስራ መጣች። በድሩ የላይኛውን አዝራር ከታች ባለው ቀዳዳ ቆልፎት ኮሌታው አገጩ ስር ገባ። ላስተካክለው እጄን ስሰድ፣ «ተዪው እቴ ዙቤ፣ እማ ራሱ ይልበስ ብላለች» አለችኝ ፈይሩዝ። በስልክ ነግረሻት ኖሯል፤ እኔን ሳትነግሪኝ። እንደዚያው ሆኖ ሄደ። ፋጡሜ በሯ ላይ ቆማ «ኢጆሌ! እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ያለበሳችሁ ነፋስ ነው እንዴ?» አለች፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ገበያ ሄድኩ፤ ደግሞ አርፍጄ።

ቁርሳቸውን ራሳቸው እንዲያቀርቡ ያልሽውንም ሞከርን። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ለቁርስማ ጭራሽ። ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

ስለ እንቁላሉ ደግሞ፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዶሮዋ ታልቃለች። እንደማየው ከሆነ ለመስከረም አይደርሱም።

ዙቤይዳ


ከሚሴ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሪ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እሳት ዳር እየዋሉ መጾም ከባድ ነው፤ አላህ ያግዝሽ። የላክሽልኝን ተምር ልጆቹ ገና ሳይመሽ ይዞሩታል።

ፈይሩዝ ዘንድሮ ጾም ጀምራለች። ተይ ብላት እምቢ አለች። ለሱሁር፣ ለሌሊቱ ምግብ፣ ከሱብሂ በፊት በሚባለው በመጀመሪያው አዛን ራሷ ትነሳለች። ራሷ ስል፣ እኔ ቀስቅሻት ማለቴ ነው።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስ። ጫማውን አልቻለም። አዝራሩን አንዳንዴ ይሆንለታል፣ አንዳንዴ አይሆንለትም። ብቻቸውን መንገድ መሻገርማ አይታሰብም፤ የዚህን አስፋልት መኪና አንቺው ታውቂዋለሽ። ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ አትቸኩዪ። በየደብዳቤው አትጠይቂኝ ደግሞ፤ የቻሉ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ገበያውስ ላልሽኝ፣ ገበያው ደህና ነው። ሰሞኑን በጊዜ እየደረስኩ ጥሩ ጥሩውን ቲማቲም እየመረጥኩ ነው።

ዱዓ አድርጊልን፣
ዙቤይዳ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ዙቤይዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ዒዱን በሰላም አሳለፋችሁ። ዘግይቼ ነው፣ አፉ በይኝ።

ቶፊቅ ነገረኝ። አልነግራትም ብሎ ሻይ ጠጣ፣ ሌላ ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ ነገረኝ። ገና ሳይነጋ መናኸሪያው ጋ ዕቃ ሲጭን ሁለት ልጆች አስፋልቱ ዳር ሲሄዱ አይቶ፣ የማን ልጆች ናቸው ብሎ ቀርቦ መብራት ቢያበራ የእኔ ሆነው አገኛቸው። ያልጻፍሽልኝ እንዳልደነግጥ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ደነገጥኩ። ያን ቀን ሌሎቹ ሥራዬን ሠሩልኝ። የሆነ ነገር ቢነካቸውስ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ሌሊት እነቃለሁ።

ግን እታለም፣ ቆይቶ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። «ምን ለብሰው ነበር?» አልኩት። «ዩኒፎርማቸውን» አለኝ። «የበድሩ ሸሚዝ ተጣሞ ነበር?» አልኩት። «ኧረ ሙሽራ ነበር የሚመስለው» አለኝ። ጫማው ታስሯል፣ ፊቱ ታጥቧል፣ ቂጣቸውን በልተው ወጥተዋል። መንገዱንም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቆመው ግራ ቀኝ አይተው ሲሻገሩ አይቷቸዋል። አንቺ ተኝተሽ ነበር አለኝ።

ቲማቲም በጊዜ እየደረስኩ እመርጣለሁ ብለሽ ስትጽፊልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት በጊዜ ልትደርሺ እንደቻልሽ አልጠየቅኩም።

ከመቼ ጀምሮ ነው የሚችሉት? አልቆጣም። ንገሪኝ ብቻ።

ሰብሪና


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሪ፣

ከጥር ጀምሮ።

የዚያን ጠዋቱን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ረመዳን ቢወጣም የፈይሩዝ ጆሮ በመጀመሪያው አዛን መንቃት ለምዶ ቀረ። የመጀመሪያው አዛን የሱብሂው መስሏት «ረፈደብን» ብላ ወንድሟን ቀሰቀሰች። እኔን ደግሞ «ደክሟታል፣ ትተኛ» ተባብለው፣ በሩን እንዳይጮህ አድርገው ዘግተው ወጡ። የነቃሁት ቶፊቅ ሲያንኳኳ ነው፤ በአንድ እጁ አንዷን፣ በሌላው ሌላውን ይዞ። ልመታቸው አስቤ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በድሩ ደግሞ «አየሽ፣ ብቻችንን ቻልን» ይለኛል፣ ደረቱን ነፍቶ። አሁን ሁለተኛው አዛን እስኪል ማንም ከፍራሽ አይነሳም ብዬ አስምያቸዋለሁ።

የቀረውን መንገዱን ፈርቼ ነው የደበቅኩሽ ብልሽ ውሸት ነው። አዝራሩ ሁሉ በየቀዳዳው የገባ ቀን እልል ልል ነበር። አፌን ከፍቼ መስከረም ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ የሚችሉት ነገር ሁሉ ከእኔ የሚወስዳቸው ሆነብኝ። አንድ ቀን በድሩ ጫማውን አስሮ ጨርሶ ተነሳ። «ቆይ፣ አላወቅክበትም» ብዬ ፈትቼ እንደገና አሰርኩለት። በደንብ የታሰረ ጫማ ፈታሁ፣ ሰብሪ። ልጁ እግሩን ዘረጋልኝ።

እኔ አልወለድኩም። ባሌ ለምን እንደፈታኝም ታውቂያለሽ። እናታቸው ነኝ አላልኩም፤ ግን ጠዋት ጠዋት እጄ ሥራ ነበረው። አሁን ተቀምጬ ሲለብሱ አያለሁ። ድካሙ ይቀላል ብዬ ነበር፣ ባሰብኝ። የሥራ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ ይኼኛው አብሮኝ ያድራል፣ አብሮኝ ይነሳል።

አስመዝግቢያቸው። ይችላሉ።

ዙቤይዳ


ከሚሴ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሪ፣

ይህን ደብዳቤ የያዘችው ፈይሩዝ ናት። ቶፊቅ ሁለቱንም ከጎኑ አስቀምጦ ያመጣልሻል፤ በድሩ መስኮት ዳር ካልሆነ መኪና ያስመልሰዋል።

አብረሽ ነይ፣ አብረን እንኑር ብለሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። አላህ ያክብርሽ፤ ከልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በአንዲት ክፍል ሁለት እናት አይበጅም። ልጁ ለማን «እማ» እንደሚል ይቸገራል፤ ጠርቶሽ እስኪጠግብ ድረስ ለአንቺ ብቻ ይበል። ደግሞ እዚህ ደንበኞች አሉኝ፣ አዲስ አበባ ሽንኩርቴን ማን ያውቃል?

ሻንጣውን ያዘጋጀችው ፈይሩዝ ናት። እኔ እጄን አላስገባሁም፤ ላግዝሽ ስላት «እችላለሁ» አለችኝ። ከበድሩ ካልሲዎች አንዱ ቢጎድል አትፈልጊው። እኔ ጋ ነው።

ደርሰው ስትደውዪ ስልኩን ለእነሱ አትስጪ። ደረሱ ብቻ በዪኝ።

ዙቤይዳ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ዙቤይዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሳል ይዞሻል ብሎኛል ቶፊቅ፤ ዝንጅብል ልኬልሻለሁ፣ ሳትንቂ ጠጪው።

ለመዱ ወይ ላልሽኝ፣ ለምደዋል። በድሩ ጓደኛ አፍርቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖ «እማ» ብሎ ጠራኝ። አልመለስኩለትም፤ ደግሞ እንዲጠራኝ ብዬ።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ግን አለ። ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤት ያረፍዳሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ዘወትር ነው። መምህሯ አስጠራችኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ተመልሰው የሚተኙ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «እታለም ይችላሉ ያለችኝ እኔን ደስ ለማሰኘት ይሆን?» ብዬም ተጠራጠርኩ። አፉ በይኝ።

ትናንት ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ የተኛሁ መስዬ አየኋቸው። ፈይሩዝ ተነሳች፣ ወንድሟን ነካ አደረገችው። ለበሱ፣ ታጠቡ፣ ሻይ ቀዱ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። በድሩ ጫማውን ሲያስር ምላሱን አውጥቶ ነው፤ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሉን ጨርሰው ጊዜ ተረፋቸው። ቦርሳቸውን አዝለው በሩን ከፈቱና ደፉ ላይ ቆሙ። ይሄዳሉ ስል አይሄዱም። ፈይሩዝ ክንዱን ይዛ «በቃ፣ ና» ትለዋለች፤ እሱ ወደ ቤት ውስጥ ያያል።

ተነሳሁ። «ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አልኳቸው። ፈይሩዝ አንገቷን ደፋች። በድሩ «እቴ ዙቤ ሳትል ይወጣል እንዴ?» አለኝ። ሳይነጋ ከወጡበት ከዚያ ጠዋት ወዲህ በየቀኑ ራሳቸው ላይ እጅሽን ጭነሽ «ነጋን ኦላ፣ ነጋን ገላ» ብለሽ እንደምትሸኛቸው የሰማሁት ያኔ ነው። እጄን ጫንኩና «በሰላም ዋሉ፣ በሰላም ግቡ» አልኳቸው። ፊቱን ሳየው በኦሮምኛው ደገምኩት። «እቴ ዙቤ መጀመሪያ ዝም ትላለች» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ከዚያ አልኩ። «እንደሱ አይደለም» ብሎ አለቀሰ። አረፈዱ።

ዝም ስትዪ በልብሽ የምትይው ዱዓ የትኛው ነው? ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ በማልኖርበት ጠዋት ፈይሩዝ ታንብብለት። ሌላውን ሁሉ ችለዋል፣ እታለም። ይህን ግን እንዴት አድርጌ እንደማስችላቸው አላውቅም።

ሰብሪና


ከሚሴ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰብሪ፣

ወዓለይኩሙሰላም። ዝንጅብሉ ደርሶኛል፤ ሳሉም ቀሎኛል። ደብዳቤሽን እገበያ መሃል ቆሜ አነበብኩት። ፋጡሜ ምን ሆነሽ ነው ብላ ነጠቀችኝ፤ አንብባ ስትጨርስ ለአንድ ሰው እንኳ ሳታወራ ዋለች።

ዝም ስል ምንም አልልም ነበር። ከጓሮ እየሮጥኩ ስለምመጣ ትንፋሼ ይቆራረጥብኛል፤ እስኪመለስልኝ ነው ዝም የምለው። ለበድሩ ግን ይህን አትንገሪው።

ጽፌ ብልክልሽ ፈይሩዝ ታነብለታለች፣ እሱም እንደሱ አይደለም ይላል። ስለዚህ የምነግርሽን ንገሪያቸው። እኔ አሁንም ትምህርት ቤት መሄጃቸው ሲደርስ በሩ ላይ እወጣለሁ። የምሸኘው ሰው የለም፣ እግሬ ለምዶ ያወጣኛል። ትንፋሼ እስኪመለስ እቆማለሁ። ከዚያ ሚኒባሶቹ ወደ እናንተ በሚሄዱበት በኩል ዞሬ «ነጋን ኦላ፣ ነጋን ገላ» እላለሁ። የሚያልፍ ሰው ያየኛል፣ ይየኝ። እናንተ ጋ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ እኔ እዚህ ብዬ ጨርሻለሁ።

በር ላይ አይቁሙ። እቴ ዙቤ ብላለች በያቸው። ይሂዱ፣ ይረፍድባቸዋል።

ዙቤይዳ